እትዬ ዘይነባ፣ ፓነሉና የቅሬው ድንኳን

ሰኞ

የዛሬው ሌባ ዶሮ ነች።

ለምሳ ስመለስ ሳይረኑ ከባጃጅ መቆሚያው ድረስ ይሰማል። ሮጬ ስደርስ እትዬ ዘይነባ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ጆሯቸውን በሻሻቸው ሸፍነዋል። ሳሎን ገብታ ነው አሉኝ፤ እሷም ደንግጣለች። ዶሮዋን ማለታቸው ነው። ያዘኑት ለእሷ ነበር።

ይህን ደብተር ከዓመታት በኋላ ሳነበው ግራ እንዳይገባኝ ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው። እትዬ ዘይነባ አከራዬ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ዋናው ቤት ውስጥ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ እኔ እዚያው ግቢ ካለችው ሰርቪስ ቤት ነኝ። ከሁለታችን መካከል ያለው ክፍል የቅሬው ዕቃ ቤት ነው። ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ አግዳሚው፣ ቃሬዛው ሁሉ እዚያ ነው። አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ እድር የሚሉትን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን፤ በሰፈራችን እስላሙም ክርስቲያኑም የሚለቀስለት በአንድ ድንኳን ነው። የዕቃው ጠባቂ እሳቸው ናቸው። ሰው በሞተ ቁጥር መጀመሪያ የሚንኳኳው የእሳቸው በር ነው። ድሮ ነበር የሚንኳኳው ልበል፤ አሁን ይጮኻል።

ባለፈው ወር ደረጃው ላይ ወደቁ። አጥንታቸው አልተሰበረም፤ መነሳት ግን አቅቷቸው ከመግሪብ ሶላት፣ ጀምበር ስትጠልቅ፣ እስከ ንጋት እዚያው ቆዩ። እኔ አቀስታ አባቴ ጋ ሄጄ ነበር። ያገኟቸው ጠዋት ድስት ሊመልሱ የመጡ ሰዎች ናቸው። ለምን አልተጣሩም ቢሏቸው፣ ሰው ተኝቷል ብዬ ነው አሉ።

ልጃቸው ጀማል አዲስ አበባ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ይህን ሲሰማ እናቱን ሊወስድ ፈለገ። እናቱ እምቢ አሉ። በእምቢታና በእሺታ መካከል ከጀማል አላርም መጣ። ወደ አገሩ ከተመለሰ ፈረንጅ ቤት ተነቅሎ የተሸጠ ነው።

ያለን፦ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነጭ ሣጥን፣ ማለትም ፓነሉ፣ የነገሩ ሁሉ አንጎል። በረንዳው ላይ ኮድ የሚጻፍበት የቁጥር ሰሌዳ። የበር ሴንሰሮች፤ አንዱ ዕቃ ቤቱ ላይ። እንቅስቃሴ የሚያይ ዓይን፣ ዶሮ ጭምር። አንገት ላይ የሚንጠለጠል፣ የወደቀ ሰው የሚጫነው ቀይ ቁልፍ። ሳይረን፣ እጅግ ጤነኛ።

የሌለን፦ ይህን ሁሉ ከጀማል ስልክ ጋር የሚያገናኘው አፕ። ኩባንያው ይህን ሞዴል ማገልገል አቁሟል። አፑ ሲከፈት እስከ ዛሬ ስላሳየነው ታማኝነት ያመሰግነንና ይዘጋል።

ማታ ጀማል ደወለ። ድምፁ የተረጋጋ ነበር፤ ያ ነው ያስፈራኝ። «ብርሃኑ፣ እስከ ቅዳሜ ነው። ጠዋት መነሳቷን፣ ከወደቀችም መጣራቷን እዚህ ሆኜ ካላወቅኩ ቅዳሜ መኪና ይዤ መጥቼ እወስዳታለሁ።»

ለእትዬ ዘይነባ ነገርኳቸው። ካልነገርኳቸው ከሌላ ሰው ይሰማሉ። ብትችል ቻል አሉኝ፤ ካልቻልክም በጊዜ ንገረኝ፣ የቅሬውን ዕቃ ሳላስረክብ ንቅንቅ አልልም። ከዚያ ዕቃ ቤቱ ገብተው ድስቶቹን ሲያገላብጡ ቆዩ። የሚገላበጥ ነገር አልነበረም።

እችላለሁ። ዶሮዋ ቅዳሜ ላይ አትደርስም ይሆናል፤ እኔ ግን እደርሳለሁ።

ማክሰኞ

እዚህ መካነ ሰላም፣ በወረዳው ቢሮ የአይሲቲ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ፕሪንተር የነከሰውን ወረቀት ማስለቀቅ ነው። ዛሬ ፕሪንተሮቹ ሁሉ ጤነኞች ስለነበሩ የቢሮው ኔትወርክ በመጣባት አፍታ የምፈልገውን አወረድኩ።

ያገኘሁት እንዲህ ነው። የት አገር እንዳለ የማላውቀው አንድ ሰው፣ እንደኛ ካሉ የቤት አላርም ፓነሎች ጋር ያለ ኩባንያው አማላጅነት በቀጥታ የሚነጋገር የፓይተን ላይብረሪ፣ ማለትም ዝግጁ የኮድ ጥቅል፣ ጽፎ ለማንም በነፃ አስቀምጧል። እትዬ ዘይነባ ምንድነው ብለው ጠየቁኝና በሚገባቸው ልንገራቸው ብዬ የቅሬ ድስት ነው አልኳቸው። አንድ ሰው ሠርቶ ያስቀምጠዋል፤ ሌላው የራሱን ድስት መግዛት ሳያስፈልገው ያበስልበታል። ትንሽ አሰቡና፣ ሲበሳ ማን ያስጠግነዋል አሉ። የተጠቀመበት ሰው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። መመሪያውን ከሳቸው በተሻለ የተረዳ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ላፕቶፔን ከፓነሉ ጋር በገመድ አገናኘሁት። ዕቅዴ ቀላል ነው። ላይብረሪው ፓነሉን ያዳምጣል፤ በር ሲከፈት፣ ቀዩ ቁልፍ ሲነካ ወይም ሳይረኑ ሲጮህ የእኔ ፕሮግራም ላፕቶፑ ላይ በሚሰካ ባለ ሲም ዶንግል ለጀማል የጽሑፍ መልእክት ይልካል። ኢንተርኔት ቢጠፋም መልእክት ይሄዳል። ብዙውን ጊዜ።

ውጤት፦ ፓነሉ ይገናኛል። ሰላምታውን ይመልሳል። ጥቂት ይቆይና ግንኙነቱን ይዘጋል። ምክንያቱን አይናገርም። የክፍል ኃላፊያችንም እንዲሁ ናቸው፤ ስለዚህ ተስፋ አልቆረጥኩም።

አባቴ መሪጌታ ነው። ትርጓሜ ሲያስተምር እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ እሱና ተማሪዎቹ አንዲት ቃል ይዘው «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው» እያሉ ይውሉባት ነበር። ያኔ ፀሐይ የምትቆም ይመስለኝ ነበር። ዛሬ የላይብረሪውን ኮድ መስመር በመስመር ሳነብ ሌላ መንገድ እንደማላውቅ ገባኝ። አንድም የይለፍ ቃሉ ስህተት ነው። ሞከርኩ፤ አይደለም። አንድም ገመዱ ነው። ለወጥኩ፤ አይደለም። አንድም ጸሐፊው የእኛን ሞዴል ዓይቶት አያውቅም።

ለጸሐፊው ጻፍኩለት። ቸኩያለሁ አላልኩም። በነፃ ለሠራ ሰው ቸኩያለሁ አይባልም።

ማታ እትዬ ዘይነባን፣ ከመተኛትዎ በፊት፣ ከቤት ሲወጡም፣ በሰሌዳው ላይ ጥበቃውን ያብሩ፣ ሲመለሱ በኮዱ ያጥፉ ብዬ አስተማርኳቸው። ኮዱንም ራሳቸው መረጡ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ይህ ለሌባ አይቀልም ወይ ብላቸው፣ ለሰው እንዲቀል ብዬ ነው አሉ። ትርጉሙን መመርመር ነበረብኝ።

ረቡዕ

መልስ መጣ። ሰውዬው ሁለት መስመር ብቻ ጽፏል። የእሱ ፓነል ከሞተ ቆይቷል፤ ስለዚህ መሞከር አይችልም። ፓነላችሁ የሚልከውን ቁጥር ሁሉ እንደወረደ አትመውና ርዝመቱን ተመልከት ብሏል። የሐዘኑን ቃል እንዴት እንደምመልስ አላወቅኩም። ነፍስ ይማር አይባል።

ግን ስለ ርዝመቱ ያለው ልክ ነበር። ፓነሉ እያንዳንዱን መልእክት ሲልክ መጀመሪያ ላይ «ይህን ያህል ነኝ» ብሎ ይናገራል። ላይብረሪው ይህን አይሰማም፤ ሁሉም እኩል ነው ብሎ አስቀድሞ ወስኗል። የእኛ ፓነል ከሌሎቹ ትንሽ ይረዝማል። ስለዚህ የእያንዳንዱ መልእክት ጭራ ተቆርጦ የሚቀጥለው መልእክት ራስ ይሆናል። የአንዱን መዝሙር መጨረሻ ከሌላው መጀመሪያ ጋር አጋጥሞ የሚያነብ ዲያቆን ቢኖር አባቴ በመቋሚያ ነበር የሚያርመው። ፓነሉ መቋሚያ ስለሌለው ዘጋ።

ያስተካከልኩት ሁለት መስመር ነው። ምሳ ሳልበላ ፕሮግራሙን አስነሳሁ።

ተያያዘ። ቆየ። አልተዘጋም። ወጥቼ ሽንት ቤት ደርሼ ተመለስኩ፤ እንደተያያዘ ነው።

እትዬ ዘይነባን ቀዩን ቁልፍ ይጫኑልኝ አልኳቸው። ቢስሚላህ ብለው ተጫኑት። ወዲያው ጀማል ደወለ፤ ምን ሆነች? ሙከራ ነው አልኩት። ሠራ ማለት ነው? አለ። ሠራ። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ሠራ።

እስከ አሥር ሰዓት ድረስ የመካነ ሰላም ደስተኛው ሰው እኔ ነበርኩ።

በአሥር ሰዓት ጀማል እንደገና ደወለ። በሩ ተከፈተ፣ በሩ ተዘጋ፣ ዕቃ ቤቱ ተከፈተ፣ በሩ ተከፈተ፤ ስልኩ ሞልቶ ደንበኛ ማነጋገር አልቻለም። «ይኼ ቤት ነው መናኸሪያ?» ግራ ገባኝ፤ እትዬ ዘይነባ ገበያ ሄደዋል፣ ጥበቃውንም አብርተው ነው የወጡት። ብቅ ስል ጎረቤታችን አስካለ፣ ሽንኩርት ነጋዴዋ፣ በረንዳው ላይ ቆማ ቁጥር ትነካለች። በሩን ከፍታ ገባች፣ ወንፊት ይዛ ወጣች፣ ዘጋች፣ ጥበቃውን መልሳ አበራች። ከእኔ በተሻለ ፍጥነት።

ኮዱን ማን ነገረሽ አልኳት።

«ማን ያልነገረኝ አለ» አለች።

እትዬ ዘይነባ ሲመለሱ ተቆጣሁ። በሳቸው ላይ መቆጣት ይከብዳል፤ ቁጣው የሚቀመጥበት ቦታ አይሰጡም። ሰው በሬ ላይ መጥቶ ሲጮህበት ነውር ነው አሉኝ፤ ስለዚህ ለሚመጣው ሁሉ ነግረዋል። የዚህ ዕቃ ሥራው እኮ መጮህ ነው አልኩ።

«ሌባ ላይ ይጩህ።»

«ሌባውን በምን ይለየዋል?»

«ሌባ ኮዱን አያውቀውማ። ለሌባ አልነገርኩም።»

ይህን የሚያፈርስ ክርክር እስከ አሁን አላገኘሁም። ግን ጀማል ይህን ቢሰማ ቅዳሜን አይጠብቅም። ስለዚህ አዲስ ኮድ አስገባሁና ለማንም እንዳይናገሩ ቃል አስገባኋቸው። ለይመርም? አሉኝ። አያ ይመር የቅሬው ዳኛ ናቸው። ለአያ ይመርም አልኩ። ቅር አላቸው። ግን፣ አብሽር፣ አይዞህ፣ እሺ አሉ።

እሳቸው ቃል ከገቡ ገቡ ነው። ይህን ማወቅ ነበረብኝ።

ሐሙስ

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። በቅደም ተከተል።

ደምሴ ልብስ ሰፊው ሞተ። ከርሞ የታመመ ሰው ነበር። ጎህ ሳይቀድ ቤተሰቡ ሲጮህ እትዬ ዘይነባ ሰምተው፣ ተነስተው፣ እንዳስተማርኳቸው ጥበቃውን አብርተው ሄዱ። ስልካቸውን እንደ ልማዳቸው ቤት ጥለውት ነው። እኔ ተኝቻለሁ።

የቅሬው ጥሩንባ ተነፋ። አያ ይመር ድንኳን ሊያወጡ ሰው አስከትለው መጡና በረንዳው ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ነኩ። እምቢ። ደገሙ። እምቢ። ሽማግሌ ናቸውና መነጽራቸውን አውጥተው በጥንቃቄ ሠለሱ።

ሦስት ጊዜ ከተሳሳቱ ሳይረኑ ይጮኻል፤ ፓነሉም ለጥቂት ጊዜ ትክክለኛውን ኮድ እንኳ አይቀበልም። ይህን ጥንቃቄ መመሪያው ላይ ሳነበው ደስ ብሎኝ ነበር።

አሁን የላይኛው ሰፈር ሰው ያለበትን ሁኔታ ላስብ። ጥሩንባ ሰምቷል፤ ማን እንደሞተ ገና አላወቀም። ቀጥሎ ሰምቶት የማያውቀው ዓይነት ጩኸት ከእትዬ ዘይነባ ግቢ ይወጣል። እትዬ ዘይነባ ደግሞ ባለፈው ወር የወደቁ ሴት ናቸው። እኔም ብሆን ከዚህ ሌላ አልደመድምም ነበር።

ሱሪዬን እየታጠቅኩ ስወጣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየመቱ በበሩ ይገባሉ። አስካለ ከፊት ነች፤ እናቴ፣ እናቴ ትላለች። አያ ይመር በሁለት እጃቸው ሰሌዳውን ይደበድባሉ። አልሞቱም እያልኩ እጮኻለሁ፤ ከሳይረኑ በላይ የሚጮህ ሰው ግን አልተፈጠረም። ቤት ውስጥ ደግሞ የእትዬ ዘይነባ ስልክ ይጠራል። ይቆማል። እንደገና ይጠራል።

ፕሮግራሜ ያለ አንዳች እንከን ሠርቶ ነበር። ሳይረን ሲጮህ ለጀማል መልእክት ይልካል። ልኳል።

ቀጥሎ የእኔ ስልክ ጠራ። አነሳሁት። ጀማል ለቅሶውን ይሰማል። ከዚያ በቀስታ፣ «ብርሃኑ፣ እናቴ ሞተች?» አለ። አይ፣ አይ፣ ደምሴ ነው ስል ኔትወርኩ ሄደ። ከ«አይ» እና ከ«ደምሴ» የትኛው እንደደረሰው አላውቅም። መልሼ ስደውል «የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም» ይላል።

እትዬ ዘይነባ ድንኳኑ ዘገየ ብለው ከለቅሶው ቤት ሲመለሱ የራሳቸው ለቅሶ ላይ ደረሱ። ሕዝቡ አንድ በአንድ ዝም አለ። ሳይረኑም በዚያው ደከመውና ቆመ። እሳቸው በሰው መካከል አልፈው ወደ ሰሌዳው ሄዱ፤ ኮዱን እንዳላይ በሰውነታቸው ጋርደው ነኩ። ያወጣሁትን ኮድ፣ ከእኔ። ከዚያ ዞር ብለው፣

«በእኔ ላይ እንባውን ከጨረሳችሁት ለደምሴ በምን ልታለቅሱለት ነው?» አሉ።

ድንኳኑ ወጣ። አስካለ እየሳቀችም እያለቀሰችም አግዳሚ ተሸከመች። አያ ይመር ሳያዩኝ አለፉ።

ቀኑን ሙሉ ለጀማል ደወልኩ። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው፣ ሲሮጥ ወጥቶ መኪና አስነስቶ ሄደ አለኝ። «ደህና ናቸው፣ የሞተው ደምሴ ነው» የሚል መልእክት ልኬያለሁ። መድረሱን የሚነግረኝ የለም። አንድ ሰው እናቱ ሞታለች ብሎ እየነዳ ነው። መንገዱም መንገድ አይደለም።

ቀብር ላይ ዋልኩ። ፕሮግራሙን ላጠፋው እጄን አነሳሁና ተውኩት። የተበላሸው እሱ አይደለም።

ዓርብ

ቢሮ ሆኜ አስካለ ደወለች። «ና፣ ጀማልን ይዘነዋል» አለችኝ።

ጀማል ደሴ ነው ያደረው። መልእክቴ የደረሰው ማታ እዚያ ሲገባ ነው። እናቱ መኖሯን አውቆም አልተመለሰም። ከሰዓት በኋላ ደርሶ፣ ቤት ሰው ሲያጣ፣ በአባቱ ጊዜ በነበረው ቁልፍ በሩን ከፈተ። ሳይረኑ እንደ ሌባ ተቀበለው። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ የተቀመጠው ሰው በሙሉ፣ ካህኑ ሳይቀር፣ ዱላ ያለው ዱላ፣ ዱላ የሌለው አግዳሚ ይዞ ደረሰ። አስካለ የያዘችው የሽንኩርት ሚዛን ነበር። ማንነቱን ስታውቅ ሚዛኑን አስቀምጣ ሄዳ ኮዱን ነካችና ሳይረኑን ዝም አሰኘችለት።

አዲሱን ኮድ። ለካ ትናንት ከቀብር በኋላ አያ ይመር ድንኳኑ ውስጥ ተነስተው፣ ስለ ሠልስቱ ከተናገሩ በኋላ «ደግሞም» ብለው ኮዱን አውጀውታል። ለዳኛው የነገሯቸው እትዬ ዘይነባ ናቸው፤ ቃሌን ግን አላፈረስኩም ይላሉ፤ ቃል የገባሁት ለአንድ ሰው እንዳልናገር ነው፣ ለቅሬው እንዳልናገር አልተባልኩም።

ስደርስ ጀማል ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ወፍራም፣ ዓይኑ የቀላ፣ አቧራ የጠጣ ሰው። ሰላም አላለኝም። ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ እናቴን ልቀብር ነው የነዳሁት አለኝ፤ ከደሴ ወዲህ ግን አንተን። ይገባሃል ጋሼ አልኩት።

ወደ ድንኳኑ ሄደ፤ ተከተልኩት። እትዬ ዘይነባ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ፤ ተነስቶ ግን ለመቀመጥ እንኳ አልፈለገም። ልብስሽን ሰብስቢ አላቸው፤ ነገ እንሄዳለን። ብቻሽን ስትወድቂ፣ ስትሞቺ እያልኩ በየቀኑ መሞት አልችልም። ሴቶቹ ወደ መሬት አዩ። እኔም ልሸሽ ፈለግኩ፤ በአግዳሚዎቹ መካከል ግን ማለፊያው ጠባብ ነው።

እሳቸው ቀና ብለው አዩት።

«አዲስ አበባ፣ አንተ ፎቅ ላይ፣ እኔ የሞትኩ ለት ድንኳን ማን ይጥልልኛል?»

«እኔ አለሁ እኮ፣ እማ።»

«አንተማ ሐዘንተኛ ነህ። ሐዘንተኛ ድንኳን አይጥልም፣ ልጄ።»

አያ ይመር ከዚያ ማዶ ሆነው፣ ሰው ቁጭ ካለ ቁጭ በል፣ ካልተቀመጥክ ውኃ የሚቀዳ ጠፍቷል አሉት። ጀማል ጀሪካኑን አነሳ።

ግን ነገ የሚለውን አልተወም። ማታ መኪናውን አስጠርጎ የኋላ ወንበሩን አስተካከለ። እትዬ ዘይነባም ሻንጣ አወጡ። ክፍት አድርገው አልጋው ላይ ትተውታል፤ ውስጡ አንድ ጋቢ አለ።

ቅዳሜ

የደምሴ ሠልስት። ከሥርዓቱ በኋላ ቅሬው እዚያው ድንኳን ውስጥ ተሰበሰበ፤ አጀንዳው የዕቃ ጠባቂዋ ርክክብ። እትዬ ዘይነባ እንዳሉት ነው፤ ሳያስረክቡ አይሄዱም።

አያ ይመር ተነሱ። በቅሬው ደንብ ዕቃ ጠባቂ ሲለቅ ተረካቢው በአባላት ፊት እጁን ያወጣል፤ ተረካቢ ከሌለ ርክክብ የለም። ተረካቢ አለ? አሉ።

የመካነ ሰላም ሰው ስብሰባ ላይ እጅ ማውጣት ይወዳል። በማያውቀው ያወጣል፤ ከአስተያየቱ በፊት ያወጣል፤ አስተያየቱን ረስቶ አውጥቶ ይቀራል። ዛሬ አንድ እጅ አልወጣም። ሰፊ ግቢ ያላቸው ሰዎች ስለ ግቢያቸው ጥበት በለሆሳስ ያወሩ ጀመር። አስካለ እጇን ከጭኗ በታች አስገብታ ነበር የተቀመጠችው፤ በስህተት እንኳ እንዳይወጣ።

«ይኼ አድማ ነው» አለ ጀማል።

«ሥነ ሥርዓት ነው» አሉ አያ ይመር። በሚቀጥለው ስብሰባ ይታያል አሉና ጀማልን አግዳሚ እንዲሸከም ላኩት። ከረፋድ ጀምሮ ሲሸከም ነበር፤ ሸሚዙ ተቀዷል። አንድ ሽማግሌ፣ አባትህም በዚህኛው ትከሻ ነበር የሚሸከሙት ሲሉት ሰማሁ። ጀማል ትከሻውን አልለወጠም።

ድንኳኑ ፈርሶ ዕቃው ሁሉ ሲገባ እኔና እሱ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቀረን። ሌባ ብሆን ኖሮ እጄን ከመዝጊያው ሳላነሳ ገድለውኝ ነበር አለኝ። አይገድሉም አልኩት፤ ደብድበው ምሳ ያበሉሃል። ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊስቅ ፈለገ፤ ደክሞት ተወው።

«መልእክቱን ማሳነስ ትችላለህ?» አለ። «በቀን አንድ። ጠዋት በሩ መጀመሪያ ሲከፈት። ቀዩ ቁልፍ ሲነካ ደግሞ ምንጊዜም። ሳይረኑን አልፈልግም፤ ለሳይረኑ እነሱ አሉ።»

ዛሬውኑ እችላለሁ አልኩት።

«ክረምቱ እስኪገባ ነው» አለ። «ጭቃው ሲመጣ እንደገና እናያለን። አሸነፋችሁኝ እንዳትሉ።»

ማንም አላለም። እትዬ ዘይነባ ሻንጣውን ሲዘጉት አላየሁም፤ አልጋው ላይ ግን የለም።

እሁድ

ጀማል ሄደ። ለመንገድ ስንቅ እትዬ ዘይነባ በሶና አንድ ማሰሮ ማር ጫኑለት። የኋላ ወንበሩ እንደተስተካከለ ባዶውን ነው የሄደው። በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ቁልፉን አንገትሽ ላይ፣ እማ አላቸው። አንገታቸውን አሳዩት። ገላቸውን ሲታጠቡ እንደሚያወልቁት ሁለታችንም እናውቃለን፤ የወደቁት ግን ሲታጠቡ አልነበረም። ይህን ለራሴ እንደ ማጽናኛ እላለሁ።

የተሠራ፦ በቀን አንድ መልእክት። ዓይኑ ዶሮ እንዳያይ ከፍ ብሎ ተሰቀለ። ከሦስት ስህተት በኋላ ፓነሉ የሚዘጋበት ልማድ ተሰረዘ። ለአያ ይመር የራሳቸው ኮድ ተሰጣቸው፤ ይቅርታም ጠየቅኳቸው። የራሳቸውን ኮድ ለማን ለማን መናገር እንደሚችሉ ጠየቁኝ።

ያልተሠራ፦ መብራት ሲጠፋ የላፕቶፔ ባትሪ ብዙ አይቆይም። ክረምቱ።

ማታ ላይ ከላይብረሪው ጸሐፊ መልስ አገኘሁ። የላኩለትን ሁለቱን መስመሬን ተቀብሎ አስገብቷቸዋል። በየትኛው ፓነል ላይ እንደሞከርኩት፣ የት እንዳለሁም ጠይቋል። የአገሬን ስም ጻፍኩለት፤ የከተማዬንም ጨመርኩ። ይፈልገው።

ሰኞ

ገና አልነጋም፤ ብርዱ ይቆረጥማል። የላፕቶፑ መብራት ብልጭ አለ። መልእክቱ ሄደ፦ «በሩ ተከፍቷል።» አንድ ብቻ። ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ስክሪኑን ሳየው እንደ ጻድቅ ተሰማኝ።

ወዲያው ጀማል መለሰ፦ «ማን ከፈተው?»

ጥያቄው ልክ ነው። ሴንሰሩ የሚያውቀው በር ነው፤ ሰው አያውቅም። ኮዱን ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። አስካለ ወንፊት ልትመልስ ገብታ ሊሆን ይችላል። አንድ ሳምንት ሙሉ ይህን ሳላስበው ነው የከረምኩት።

ጃኬቴን ደርቤ ወጣሁ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ በረንዳው ላይ ሰው የለም። ከዕቃ ቤቱ በኩል ኮቴ ሰማሁ። እትዬ ዘይነባ ናቸው፤ የድንኳኑን ጨርቅ ለፀሐይ ሊያወጡ እየጎተቱ ነው። ፀሐይዋ ገና የለችም።

እንዴት አደሩ አልኳቸው። አልሐምዱሊላህ፣ ምነው ዛሬ በማለዳ አሉኝ። ጀማል በሩን ማን ከፈተው ብሎ ነው አልኩ።

«እኔ ነኝ በለው።» ጨርቁን በአንዱ ጫፍ ሰጡኝ፤ ያዝኩ። «ነገም ይጠይቃል?»

«የሚጠይቅ ይመስለኛል።»

«እንግዲያ ነገ ጫማ አድርገህ ውጣ» አሉኝ። ባዶ እግሬን መውጣቴን ያየሁት ያኔ ነው።

ድንኳኑን አሰጥተን ስንጨርስ ገብቼ «እሳቸው ናቸው» ብዬ ጻፍኩለት። ፕሮግራሜ ውስጥ ወጥቶ አይቶ የሚመልስ መስመር የለም። ላይብረሪውንም ከላይ እስከ ታች ፈለግኩበት፤ እሱም ጋ የለም።